ስጦታ፣ ደመወዝና ዕዳ፦ «እርዳታ» የሚለውን የኮሌጅ ወረቀት ስለ ማንበብ

(በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላላቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ከአንዱ ሥራ ወጥታችሁ ወደ ሌላው ከመግባታችሁ በፊት ባለችው የቅዳሜ ሰዓት እዚህ በመገኘታችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጡ የገንዘብ እርዳታዎች የሚል ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን «እርዳታ» በሚለው ቃል ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በአንድ ኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት የአገሬን ሰዎች ከቅጹም ከእንግሊዝኛውም በላይ ሲያሳስት ያየሁት ይህ ቃል ነውና።

እኛ እርዳታ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የስንዴ ጆንያና ሰልፍ ነው። ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ እንዲሞሉ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እኔ እጅ እግሬ ደኅና ሆኖ ሴት ልጄን በምጽዋት አላስተምርም» ብለውኝ ሄዱ። በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በክሬዲት ካርድ ላይ እያንከባለሉት ነበር፤ ልጅቱ በዚያ ዓመት ልታገኘው ትችል የነበረው የመንግሥት ስጦታ ደግሞ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይሰጥም። በሌላ ወገን፣ ቃሉን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው የቀረበላቸውን ሁሉ የፈረሙና ልጁ ተመርቆ ስድስት ወር ሲሞላው የክፍያ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «እርዳታ ብላችሁን አልነበረም ወይ?» ብለው የሚቆጡ አሉ። ከእነዚህኞቹ አንዱ እኔ ራሴ ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ፣ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ በገባሁበት የመጀመሪያ ኮሌጅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሠራተኛ «ሙሉ እርዳታ አግኝተሃል» ብላ ብዕር ስታቀብለኝ፣ ከገንዘቡ ከግማሽ የሚበልጠው ብድር መሆኑን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ ለተማሪዎች ከሚላኩት የእርዳታ ደብዳቤዎች ውስጥ ተማሪው በእውነት የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ጨርሰው የማይጽፉት ወይም አሳንሰው የሚጽፉት ኮሌጆች 91 በመቶ ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። ማሳነሻው መንገድ ረቂቅ አይደለም፤ የመኖሪያና የመጽሐፍ ወጪን ይተዋሉ፣ ወይም ብድሩን እንደ ስጦታ ቆጥረው ከዋጋው ላይ ይቀንሱታል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ በተቻለኝ መጠን «እርዳታ» የሚለውን ቃል ትቼ ገንዘቡን በእውነተኛ ስሙ እጠራዋለሁ፤ ስጦታ፣ ደመወዝ፣ ዕዳ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ተደርድረው፣ ከታች ተደምረው ይመጣሉ።

ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ አቀማመጡ ግን በየዓመቱ ከማየው የተለየ አይደለም። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 34,000 ዶላር ይላል። ከሥሩ ፔል ግራንት 5,000፣ የክፍለ ግዛት ግራንት 3,000፣ የኮሌጁ ስኮላርሺፕ 4,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ሰብሲዳይዝድ ሎን 3,500፣ አንሰብሲዳይዝድ ሎን 2,000፣ ፔረንት ፕላስ 14,000። ድምሩ 34,000። ቀሪ ሂሳብ፣ ዜሮ። ይህን ዜሮ ያየች እናት «ተመስገን፣ ሁሉ ተከፍሎላት!» ብትል አይፈረድባትም። አሁን እስኪ እርሳስ አንሥተን እንለያየው። ስጦታው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ናቸው፣ 12,000። ደመወዙ 2,500 ነው፤ እርሱም ተማሪዋ ሠርታ ስታገኘው እንጂ ዛሬ የለም። የተረፈው 19,500 ዕዳ ነው፣ ከዚያም ውስጥ 14,000ው የልጅቱ ሳይሆን የእናትየው ዕዳ ነው። ወረቀቱ ላይ ዜሮ የተጻፈው ይህ ሁሉ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ከስጦታው ልጀምር። የፌዴራል መንግሥት ተማሪዎችን መደገፍ በሰፊው የጀመረው በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ሳን ማርኮስ፣ ቴክሳስ፣ ራሳቸው በተማሪነታቸው ጽዳት ጭምር እየሠሩ በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ፔል ግራንት የምንለው በ1972 የተጨመረ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ኋላ ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ከክሌይቦርን ፔል ነው። አይመለስም፣ ወለድ የለውም፣ የሚሰጠውም በቤተሰቡ ገቢና ብዛት ተመዝኖ ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ቤት ሙሉው ፔል የሚገኘው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 175 በመቶ ካልበለጠ ሲሆን፣ ብቻዋን ለምታሳድግ ወላጅ ግን ወሰኑ እስከ 225 በመቶ ከፍ ይላል። በሆቴል ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሠርታ ሁለት ልጅ የምታሳድግ እናት «እኔ እሠራለሁ፣ አይሰጡኝም» ብላ መቅረት የለባትም።

ፔል ማለቂያ አለው። አንድ ተማሪ በዕድሜው ሊያገኘው የሚችለው የ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ተማሪው በሴሚስተሩ የሚወስደው የትምህርት ክሬዲት ሲቀነስ ገንዘቡም ይቀንሳል፤ ኮርስ ጀምሮ በማቋረጥ የባከነ ሴሚስተርም ከ12ቱ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ ኮሌጆች በጣም የተቸገሩ ላሏቸው ተማሪዎች ከፌዴራል ገንዘብ በዓመት ከ100 እስከ 4,000 ዶላር የሚሰጡት ተጨማሪ ግራንት አለ። ይህኛው ግን ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ተቆርጦ የሚሰጥ ገንዘብ ስለሆነ ቀድሞ ያመለከተ ይወስደዋል፣ የዘገየ ያጣዋል።

ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸው አላቸው። በሜሪላንድ በሃዋርድ ሮሊንግስ ስም የሚጠሩ የጋራንቲድ አክሰስ ግራንትና የኤዱኬሽናል አሲስታንስ ግራንት አሉ፤ የማመልከቻቸው የመጨረሻ ቀን በወትሮው ማርች 1 ስለሆነ፣ «ታክሴን ኤፕሪል ላይ ስሠራ አብሬ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው ያመልጠዋል። ከአሌክሳንድሪያና ከስፕሪንግፊልድ የመጣችሁ ደግሞ፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ተማሪ በቨርጂኒያ ውስጥ ባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ኮሌጅ ከገባ፣ ገቢ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቪታግ የሚባል ግራንት እንዳለ እወቁ። ገቢ የማይጠይቅ በመሆኑ ሬስቶራንት ያላችሁም ትገባላችሁ፤ ማመልከቻው ግን የራሱ ቅጽ አለው፣ ከፋፍሳ ጋር አይሞላም። የዋሽንግተን ነዋሪዎች ልጃቸው በሌላ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በነዋሪና ነዋሪ ባልሆነ መካከል ያለውን የክፍያ ልዩነት የሚያግዝ ዲሲ ታግ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። እርሱም የኖረው ከተማዋ እንደ ክፍለ ግዛቶቹ የተሟላ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ስለሌላት ነው።

የግል ዩኒቨርሲቲዎችን በተመለከተ ወላጆቻችን በዌብሳይቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ አይተው ይሸሻሉ። ያ ዋጋ መርካቶ ውስጥ ነጋዴው መጀመሪያ እንደሚጠራው ዋጋ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ሙሉውን የሚከፍል አለ፣ ሁሉም ግን አይከፍለውም። ፕሪንስተን ከ2001 ጀምሮ ከሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ ብድርን አውጥቶ በስጦታ ተክቶታል። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ በዓመት ከ100,000 ዶላር ያልበለጠ ገቢና የተለመደ ንብረት ያላቸው ቤተሰቦች ምንም እንዳይከፍሉ፣ እስከ 200,000 ያሉት ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ ወስኗል። እነዚህ መግቢያቸው ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ስማቸው ያን ያህል ያልተወራ ግን አሉ፤ በኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ በምትኩ ተማሪ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ክፍያው ተጽፎ የሚያስደነግጠው የግል ኮሌጅ፣ ብዙ ስጦታ የሚሰጥ ከሆነ፣ በሌላ ክፍለ ግዛት ካለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንዳንዴ ይረክሳል። ይህ የሚታወቀው ግን ደብዳቤው ሲመጣ ነው፣ ደብዳቤው የሚመጣው ደግሞ ላመለከተ ነው።

ከድርጅቶች፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች፣ ከማኅበራት የሚገኙ ስኮላርሺፖችም አሉ። ልጆቹ ይሞክሩ፣ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ልጁ ከውጭ 2,000 ዶላር ሲያመጣ ኮሌጁ የራሱን ስጦታ በ2,000 ይቀንስበታል ወይስ ብድሩን ይቀንስለታል? ሜሪላንድ በ2017 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ኮሌጆቿ በዚህ ምክንያት የራሳቸውን ስጦታ እንዳይቀንሱ በመከልከል የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆናለች። ሌላ ቦታ ግን ልጁ ያሸነፈው ገንዘብ የሚያተርፈው ለኮሌጁ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቅጹ፣ ወደ ፋፍሳ ልግባ፤ ብዙ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ስለሆነ ጊዜ እወስድበታለሁ። የ2026–27 ቅጽ አሁን ክፍት ነው፣ የሚጠይቀውም የ2024ን ገቢ ነው። መሙላቱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚያስከፍላችሁ ሰው ለቅጹ ሳይሆን ለጣቱ እያስከፈላችሁ ነው። ተማሪውና ወላጁ ለየብቻ አካውንት ይከፍታሉ፣ ሁለቱም የታክስ መረጃቸው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ እንዲመጣ ፈቃድ ይሰጣሉ። ፈቃዱን ያልሰጠ ቤተሰብ ልጅ የፌዴራል ገንዘብ አያገኝም።

አንደኛው ጥያቄ ሁልጊዜ የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ነው። የምትኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። የማትኖሩበት ቤት ግን፣ አያት ይሁን ገላን፣ ወይም ጀርመንታውን ያለ ታውንሃውስ፣ ኢንቨስትመንት ስለሆነ ይቆጠራል። የሚጻፈው የዛሬ የገበያ ዋጋው፣ በላዩ ያለው የቤቱ ብድር ተቀንሶ፣ በዶላር ተመንዝሮ ነው። የአርባ ስልሳ ቤት የደረሳችሁ ለባንኩ የቀረባችሁን ዕዳ ቀንሱ። በነገራችን ላይ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በመዳከሙ በዶላር የሚወጣው ቁጥር ብዙዎች ከሚፈሩት ያነሰ ነው። «ማን ያውቃል፣ እዚያ ያለውን ማን ያያል?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቅጹ መጨረሻ ላይ የሚፈረመውን አነብለታለሁ፤ ሆነ ብሎ ሐሰት የሰጠ እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራት ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ጭንቀት በከንቱ ይሸከመዋል፤ የቤተሰቡ ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ሆኖ ታክሱ ቀላል ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ እንደ ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ ያለ ድጋፍ ያገኘ ከሆነ፣ ንብረቱ ከስሌቱ ይወጣል።

ሁለተኛው እቁብ ነው። እቁብ የደረሳችሁ ሰሞን ቅጹን ብትፈርሙ፣ ባንክ የገባው ገንዘብ በዚያ ዕለት እጃችሁ ላይ ያለ ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ይጻፋል፤ ወደፊት በየሳምንቱ የምትጥሉትን ግን ቅጹ እንደ ዕዳ አያውቀውም። ቅጹ የሚጠይቀው የተፈረመበትን ቀን ሂሳብ ነውና፣ በእቁቡ ገንዘብ የምትከፍሉት ዕዳ ወይም የምታድሱት ቤት ካለ አስቀድማችሁ ብትጨርሱ ሕጋዊ ነው። ከሁሉ የሚጎዳው ገንዘቡን «ለትምህርቷ ይሁናት» ብሎ በልጅቱ ስም ማስቀመጥ ነው። በወላጅ ስም ያለ 10,000 ዶላር የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ቁጥር ቢበዛ በ564 ዶላር ሲያሳድገው፣ በተማሪ ስም ያለው ያው 10,000 ግን በ2,000 ያሳድገዋል። ለጡረታ በፎር ኦ ዋን ኬይ የተቀመጠ ጨርሶ አይጠየቅም።

ሦስተኛው፣ አነስተኛ ንግድ ያላችሁ። ካለፈው ዓመት በፊት ከመቶ ያልበለጠ ሰው የሚያሠራ የቤተሰብ ንግድ አይቆጠርም ነበር፤ በ2024–25 እንዲቆጠር ተደረገና እንጀራ ቤቱም ሱቁም ንብረት ሆኖ ቅጹ ላይ ገባ፤ በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ከ2026–27 ጀምሮ ወደ ቀድሞው መልሶታል። ባለፈው ዓመት በንግዱ ምክንያት ትንሽ አግኝታችሁ የነበረ ዘንድሮ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትቀሩ።

አራተኛው ልቤን የሚነካው ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም ልጅ በየወሩ የምንልከው ገንዘብ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ከእኛ ጋር የማይኖር ዘመድ፣ ከደመወዛችን ግማሹን ብንልክለትም፣ የቤተሰብ አባል ሆኖ አይቆጠርም። የተከበሩ አንድ አባት ለአምስት ሰው የላኩበትን ደረሰኝ በፌስታል አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተውት ነበር፤ ደረሰኙን ልቆጥርላቸው አልቻልኩም። የሚቻለው ለኮሌጁ ቢሮ ልዩ ሁኔታን የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ቢሮው በሰነድ አይቶ ሊያስተካክል ሥልጣን አለው፣ ግዴታ ግን የለበትም። ሥራ ከቀረ፣ ሕመም ከመጣ፣ ትዳር ከፈረሰ ግን ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የ2024 ገቢያችሁ ዛሬ ከሌለ፣ ዝም ማለት ራስን መቅጣት ነው።

አምስተኛው አክስቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ነው። አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም፣ በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰዱት በቀር፣ የእነርሱ ገቢ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ወላጆቹ ጎንደር ወይም ደሴ ቢሆኑም የወላጆቹ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል፤ አዝጋሚ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይቻላል። ተማሪው 24 ዓመት ከሞላው፣ ካገባ፣ ፍርድ ቤት ሞግዚት ከሾመለት፣ ወይም 13 ዓመት ከሞላው ወዲህ በማናቸውም ጊዜ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ካልነበሩ፣ ራሱን የቻለ ተብሎ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። በስደት ከወላጆቹ የተለያየና ሊያገኛቸው የማይችል ልጅም ይህን ለኮሌጁ አስረድቶ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ቅጹ ላይ ስለ ልዩ ሁኔታ የሚጠይቀውን ጥያቄ «አዎ» ብሎ ይመልስ።

አንዳንድ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ ይጠይቃሉ። እርሱ እንደ ወሬ ፈላጊ ጎረቤት ነው፤ የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ ሳይቀር ይጠይቃል። ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆኑ ቤተሰቦች በነጻ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ በጥንቃቄ ልናገር። የፌዴራሉ ገንዘብ የሚሰጠው ለዜጋ፣ ግሪን ካርድ ላለው፣ እንደ ስደተኛ ለተቀበሉትና ጥገኝነቱ ለጸደቀለት ተማሪ ነው። የሚታየው የተማሪው ፈቃድ እንጂ የወላጁ አይደለም፤ ወረቀት የሌለው አባት ያለው፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ፔል ያገኛል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ተማሪ ግን የፌዴራል አያገኝም፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድም በቂ አይደለም። ለእነዚህ በሜሪላንድ ፋፍሳን ተክቶ የሚሞላ የክፍለ ግዛቱ ማመልከቻ፣ በቨርጂኒያም ቫሳ የሚባለው አለ። ይህ መስክ ፖለቲካ የሚያናውጠው ስለሆነ፣ ከማንም ወሬ በፊት የራሱን የኮሌጁን ቢሮ በዚያው ሴሚስተር ጠይቁ፤ ጉዳዩን የያዘላችሁን የሕግ ባለሙያም ሳታማክሩ በስጋት ውስጥ ያለ ሰው መረጃ አታስገቡ።

ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለም። ወርክ ስተዲ ተማሪው በቤተ መጻሕፍት ወይም በቢሮ ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀበለው ክፍያ ነው። ከክፍያ ሂሳቡ ላይ አስቀድሞ አይቀነስም፣ ስለዚህ በኦገስት ሲከፈል የሚጠበቅ ገንዘብ ውስጥ አትደምሩት። በጎ ጎኑ፣ የሚቀጥለው ዓመት አቅም ሲሰላ ይህ ገቢ አይቆጠርበትም፤ ልጁ ውጭ ካፌ ሠርቶ የሚያገኘው ግን ሊቆጠርበት ይችላል።

ዕዳውን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በተማሪው ስም የሚገኘው የፌዴራል ብድር ለመጀመሪያ ዓመት 5,500፣ ለሁለተኛ 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው፤ በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ ጠቅላላ ጣሪያው 31,000 ነው። ከዚህ ውስጥ ሰብሲዳይዝድ የሚባለው ልጁ እስኪጨርስ ወለዱን መንግሥት ይከፍልለታል፤ አንሰብሲዳይዝድ የሚባለው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። ለ2025–26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነው። ብድር የግድ ካስፈለገ በዚህ ቅደም ተከተል ይወሰድ፣ መጀመሪያ ሰብሲዳይዝዱ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ሁሉ መቀበልም ግዴታ አይደለም፤ 5,500 ከቀረበለት 2,000 ብቻ መውሰድ ይችላል። ወለድ በሃይማኖታቸው የተከለከለባቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ስጦታውን ተቀብለው ብድሩን በሙሉ ቢመልሱ ስጦታው አይነካባቸውም።

ፔረንት ፕላስ የወላጅ ብድር ነው። ስሙ ጣፋጭ ነው፣ ወለዱ ግን ለዚሁ ዓመት 8.94 በመቶ ሲሆን፣ ገና ሲለቀቅ 4.228 በመቶ ለአገልግሎት ይቆረጥበታል። ቅድም ባየነው ወረቀት ላይ የነበረው 14,000 ማለት፣ 592 ዶላር ያህሉ ኮሌጁ ሳይደርስ ይቀራል፤ በዓመቱ 1,250 ዶላር ያህል ወለድ ይጨምራል፤ ይህም የአንዱ ዓመት ብቻ ነው። እስካሁን ወላጅ እስከ ጠቅላላው ወጪ ድረስ መበደር ይችል ነበር፤ ቅድም ባነሣሁት የጁላይ 2025 ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአንድ ተማሪ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላ 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎበታል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰደው የወላጅ ብድር በገቢ መጠን የሚከፈልበት መንገድ አይኖረውም። ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን የምታማት እናት በቋሚ መጠን በየወሩ ትከፍላለች ማለት ነው። እዚህ ላይ አስተያየቴን አልደብቅም፤ ወላጅ ለጡረታ ምንም ሳይኖረው ይህን ብድር ከሚፈርም፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ቢሻገር እመርጣለሁ። ሙሉ ፔል ላለው ልጅ እዚያ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ ትርፍ ሊኖር ይችላል፤ ትርፉም ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ በእጁ ይሰጠዋል። «የእገሌ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገባ» የሚለውን የቡና ወሬ ግን ለጊዜው መቻል ይጠይቃል።

የባንክና የግል ኩባንያ ብድር የመጨረሻው በር ነው። እዚያ ተማሪው ብቻውን አይበቃም፣ ኮሳይነር ይጠይቃሉ። እኛ ዋስ እንላለን፤ አገር ቤት ለዘመድ ዋስ መሆን የመከባበር ምልክት ስለሆነ «አጎቴ፣ ፊርማ ብቻ ናት» ሲባል እምቢ ማለት ያሳፍራል። በዚህ አገር ግን ኮሳይነር የሚሆን ሰው ከተበዳሪው እኩል ባለ ዕዳ ነው፤ ልጁ አንድ ወር ቢያሳልፍ የአጎትየው ክሬዲት ይወድቃል፣ ቤት ሊገዛ ሲሄድም ዕዳው በእርሱ ስም ተቆጥሮ ይጠብቀዋል። የፌዴራሉ ብድር ተበዳሪው ቢሞት ይሰረዛል፤ የግሉ እንደ ውሉ ነው። ውሉ እስኪነበብ ድረስ አትፈርሙ።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ እንዳይቋረጥ፣ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ 2.0 ውጤት መያዝና ከጀመረው ክሬዲት 67 በመቶውን ማጠናቀቅ አለበት፤ ቅጹም በየዓመቱ ይታደሳል። በሁለተኛው ዓመት «አንዴ ሞልተናል» ብሎ የቀረ ቤተሰብ በየዓመቱ አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ሻይ አለ፤ በስተኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ኮምፒዩተሮች ተዘጋጅተዋል። አካውንት መክፈት የምትፈልጉ የወላጁና የተማሪው ኢሜይልና ስልክ የተለያየ መሆን አለበትና፣ በልጁ ኢሜይል የምትጠቀሙ እናቶች መጀመሪያ ወደ እኔ ኑ። የ2024 ታክሳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በቀኝ በኩል ተሰለፉ። ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ያላችሁ፣ እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ አንሡና ተራችሁ እስኪደርስ በየመስመሩ አጠገብ «ስ»፣ «ደ» ወይም «ዕ» እያላችሁ ጻፉበት፤ ግራ ያጋባችሁን መስመር ባዶ ተዉት፣ እዚያች ላይ አብረን እንቀመጣለን።